የላፕቶፕ ዋይፋይ ችግርን መለየት

የላፕቶፕ ዋይፋይ ችግርን መለየት ማለት አንድ ላፕቶፕ በገመድ አልባ መንገድ ኢንተርኔት ማግኘት ሲያቅተው እክሉ የተፈጠረበትን ቦታ ደረጃ በደረጃ ፈልጎ ማግኘት ነው። ላፕቶፕ ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኘው እርስ በርሳቸው በተያያዙ በርካታ ክፍሎች በኩል ነው። ከእነዚህ አንዱ ሲቋረጥ፣ የትኛውም ይሁን፣ ለተጠቃሚው የሚታየው ውጤት ተመሳሳይ ነው፤ ገጹ አይከፈትም። ስለዚህ የመፍትሔው ግማሽ የተቋረጠው ክፍል የትኛው እንደሆነ ማወቅ ነው። ይህ ሳይታወቅ የሚወሰድ እርምጃ፣ ለምሳሌ ኮምፒዩተሩን ፎርማት ማድረግ፣ ብዙ ጊዜ ፋይልና ገንዘብ ያስጠፋል እንጂ ችግሩን አያስወግድም።

በኢትዮጵያ የከፍተኛ ትምህርት መውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በኮምፒዩተር ይሰጣል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ከፊሎቹ ብሔራዊ ፈተናውን የሚወስዱት በኦንላይን ነው። የፈተና ውጤትና የዩኒቨርሲቲ ምደባም በድረ ገጽ ይታያሉ። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ መተከል ዞን እንደምትገኘው ድባጤ ባሉ ትንንሽ ከተሞች የጥገና ባለሙያ ፍለጋ ወደ ሌላ ከተማ መጓዝ ሊያስፈልግ ይችላል። የምዝገባ ቀን ሊያልፍ አንድ ቀን ሲቀረው ላፕቶፑ አልገናኝ ካለ ችግሩን ራስ ለይቶ ማወቅ የመንገድ ወጪንም ጊዜንም ያድናል።

የግንኙነቱ ሰንሰለት

ዋይፋይ መረጃን በሬዲዮ ሞገድ የሚያስተላልፍ ቴክኖሎጂ ሲሆን የተመሠረተው 802.11 በተባለው መስፈርት ላይ ነው። የመስፈርቱ የመጀመሪያ እትም የወጣው በ1997 እ.ኤ.አ. ነው። «ዋይፋይ» የሚለው ስያሜ ደግሞ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። በስፋት የሚሠራባቸው የሞገድ ክልሎች 2.4 ጊጋኸርዝና 5 ጊጋኸርዝ ናቸው።

በድባጤ ከተማ አንድ ተማሪ የስልኩን ሆትስፖት ከፍቶ በላፕቶፑ አንድ ድረ ገጽ ለማየት ፈለገ እንበል። ጥያቄው በሚከተሉት ክፍሎች ያልፋል፦

1. የላፕቶፑ የዋይፋይ ካርድና ካርዱን የሚያሠራው ድራይቨር
2. በላፕቶፑና በስልኩ መካከል ያለው የሬዲዮ ሞገድ
3. የይለፍ ቃሉ (ፓስዎርድ)
4. ስልኩ ለላፕቶፑ የሚሰጠው አይፒ አድራሻ
5. ከስልኩ እስከ ቴሌኮም ማማው፣ ከማማውም አልፎ ያለው መስመር
6. የድረ ገጽን ስም ወደ ቁጥር የሚቀይረው ዲኤንኤስ
7. የድረ ገጹን ማንነት ለማረጋገጥ የሚያስፈልገው የላፕቶፑ ቀንና ሰዓት

በቢሮ ወይም በትምህርት ቤት ከሆነ በስልኩ ቦታ ራውተር ይገባል፤ የተቀረው ሰንሰለት ያው ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በላፕቶፑ ላይ የሚታዩት የዋይፋይ መስመሮች የሚለኩት ሁለተኛውን ክፍል፣ ማለትም በላፕቶፑና በስልኩ መካከል ያለውን ሞገድ ብቻ ነው። ስልኩ ከላፕቶፑ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ካለ መስመሮቹ ሁልጊዜ ሙሉ ሆነው ይታያሉ፤ ስልኩ ግን ከማማው ምንም ሞገድ እያገኘ ላይሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ መታየት ያለበት ስልኩ ላይ ያለው የኔትወርክ ምልክት ነው። ስልኩን ወደ መስኮት ወይም ወደ ደጅ አውጥቶ ላፕቶፑን በቦታው መተው ከሁሉ የቀለለ መፍትሔ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ችግሩ የማን ነው?

ላፕቶፑን ከመነካካት በፊት ሁለት ሙከራዎች ይደረጋሉ። የመጀመሪያው ሌላ ስልክ ወይም ሌላ ላፕቶፕ ከዚያው ዋይፋይ ጋር ማገናኘት ነው። ሁለተኛው ችግር ያለበትን ላፕቶፕ ከሌላ ሆትስፖት ጋር ማገናኘት ነው። ውጤቶቹ እንዲህ ይተረጎማሉ፦

- ሌላው መሣሪያ በዚያው ዋይፋይ ኢንተርኔት ካገኘ፣ ላፕቶፑም በየትኛውም ሆትስፖት ካልሠራ፣ ችግሩ ላፕቶፑ ላይ ነው።
- ላፕቶፑ በሌላ ሆትስፖት ከሠራ፣ ነገር ግን በዚያ በአንዱ ብቻ እምቢ ካለ፣ ችግሩ በሁለቱ መካከል ነው፤ የይለፍ ቃል፣ የሞገድ ክልል ወይም የአድራሻ ጉዳይ ሊሆን ይችላል።
- ሁሉም መሣሪያዎች ካልሠሩ ችግሩ በራውተሩ ወይም በስልኩ ላይ ወይም ከእነሱ ወዲያ ነው፤ ላፕቶፑን መነካካት ጥቅም የለውም።

ዋይፋይ የሚለው ምልክት ጭራሽ ሲጠፋ

በላፕቶፑ ላይ የዋይፋይ ምልክቱ ራሱ የማይታይ ከሆነ ወይም ምንም ዓይነት የኔትወርክ ዝርዝር ካልመጣ፣ መነሻው የመጀመሪያው ክፍል ነው። በመጀመሪያ የአውሮፕላን ሁነታ (ኤርፕሌን ሞድ) አለመብራቱ ይታያል። በብዙ ላፕቶፖች ላይ ከላይኛው የቁልፍ ረድፍ አንዱ አንቴና ወይም አውሮፕላን ተሥሎበታል፤ ይህ ቁልፍ ሳይታወቅ ሲነካ ዋይፋዩን ያጠፋል። በአንዳንድ የቆዩ ላፕቶፖች ደግሞ በጎን ወይም በፊት በኩል ትንሽ የማብሪያ ማጥፊያ ቁልፍ አለ። ይህ ከጠፋ በዊንዶውስ ቅንብር ውስጥ የሚደረግ ምንም ነገር ካርዱን አያበራውም።

እነዚህ ሁሉ ትክክል ከሆኑ ድራይቨሩ ይጣራል። ድራይቨር የኮምፒዩተሩ ሥርዓተ ክወና ከካርዱ ጋር የሚነጋገርበት ፕሮግራም ነው። በዊንዶውስ «ዲቫይስ ማኔጀር» በሚባለው ዝርዝር ውስጥ የዋይፋይ ካርዱ ስም ከሌለ፣ ወይም ቢጫ የቃለ አጋኖ ምልክት ያለበት ያልታወቀ መሣሪያ ከታየ፣ ድራይቨሩ አልተጫነም ማለት ነው። ይህ በተለይ ፎርማት ተደርገው በተሸጡ ያገለገሉ ላፕቶፖች ላይ ያጋጥማል።

ድራይቨሩን ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔት ለማግኘት ደግሞ ድራይቨሩ ያስፈልጋል። ከዚህ አዙሪት መውጫው የስልክ ቻርጀር ገመድ ነው። አንድሮይድ ስልክ በዩኤስቢ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር ተያይዞ በስልኩ ቅንብር ውስጥ «ዩኤስቢ ቴተሪንግ» ሲበራ፣ ላፕቶፑ የዋይፋይ ካርድ ሳያስፈልገው በገመዱ በኩል ኢንተርኔት ያገኛል። ገመዱ መረጃ የሚያስተላልፍ መሆን አለበት፤ ኃይል ብቻ የሚሞሉ ገመዶች አይሠሩም። ከዚያ በኋላ ድራይቨሩ ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ በሞዴሉ ስም ይወርዳል ወይም በዊንዶውስ ማሻሻያ በኩል ይገኛል። ድራይቨር እንፈልጋለን የሚሉ የማይታወቁ ፕሮግራሞች ብዙ ጊዜ ከማስታወቂያና ከቫይረስ ጋር ስለሚመጡ አይመከሩም።

ሌሎች ይታያሉ፣ የሚፈለገው ግን አይታይም

ካርዱ እየሠራ፣ የጎረቤት ዋይፋዮች እየታዩ፣ የራስ ሆትስፖት ብቻ ከዝርዝሩ ሲጎድል ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የሞገድ ክልል ልዩነት ነው። በርካታ የቆዩ ላፕቶፖች የሚሰሙት 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው። ዘመናዊ ስልኮች ግን ሆትስፖታቸውን በ5 ጊጋኸርዝ ሊከፍቱ ይችላሉ። ስልኩና ላፕቶፑ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሆነው እንኳ ላፕቶፑ ስልኩን ሊያየው አይችልም። በአንድሮይድ የሆትስፖት ቅንብር ውስጥ የሞገድ ክልሉን ወደ 2.4 ጊጋኸርዝ መቀየር፣ በአይፎን ደግሞ ተኳኋኝነትን ከፍ የሚያደርገውን ምርጫ ማብራት ችግሩን ይፈታል።

ሁለተኛው ምክንያት ርቀትና ግድግዳ ነው። 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ቢሆንም ግድግዳ ሲያጋጥመው ከ2.4 ይልቅ ቶሎ ይደክማል። ብረት የሬዲዮ ሞገድን ስለሚመልስ በቆርቆሮ የተከፈለ ክፍል ወይም የብረት በር ሞገዱን ክፉኛ ያዳክማል። ራውተሩን ከብረት ሳጥንና ከመደርደሪያ ጀርባ አውጥቶ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ማስቀመጥ ያለ ወጪ የሚገኝ ለውጥ ነው።

የይለፍ ቃሉ ትክክል ሆኖ አልቀበልም ሲል

የይለፍ ቃል ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል ይለያል። ዜሮና «ኦ»፣ አንድ ቁጥርና ትንሿ «ኤል» ይምታታሉ። በኢትዮጵያ ውስጥ ሌላም ምክንያት ይጨመራል፤ ላፕቶፑ ላይ የአማርኛ መጻፊያ በርቶ ከሆነ የሚተየበው ነገር በግዕዝ ፊደል ይገባል። የይለፍ ቃሉ በነጥብ ስለሚሸፈን ተጠቃሚው ስህተቱን አያየውም። በሳጥኑ ጎን ያለውን የዓይን ምልክት ተጭኖ የተተየበውን መመልከት ይህን ወዲያው ያሳያል።

የራውተሩ የይለፍ ቃል በቅርቡ ከተቀየረ ላፕቶፑ የድሮውን ይዞ በራሱ ሊሞክር ይችላል። ኔትወርኩን «ፎርጌት» በሚለው ምርጫ ከተቀመጡት ዝርዝር ሰርዞ እንደ አዲስ መገናኘት ያስፈልጋል። አንዳንድ አዳዲስ ስልኮችና ራውተሮች የሚጠቀሙበት ደብሊውፒኤ3 የተባለ የጥበቃ ዓይነት በቆዩ ካርዶች ስለማይታወቅ፣ ወደ ደብሊውፒኤ2 ሲመለስ የሚሠራበት ጊዜ አለ። ሆትስፖት ሊያገናኛቸው የሚችላቸው መሣሪያዎች ቁጥርም የተወሰነ ነው፤ ብዙ ጓደኛሞች በአንድ ስልክ ሲጠቀሙ የመጨረሻው ሰው ሊገፋ ይችላል።

«ተገናኝቷል፣ ኢንተርኔት የለም»

ይህ መልእክት ሦስቱ የመጀመሪያ ክፍሎች ደህና መሆናቸውን ይናገራል። ቀጥሎ የሚታየው የአይፒ አድራሻው ነው። አድራሻው በኔትወርኩ ዝርዝር መግለጫ ውስጥ ይገኛል፤ በኮማንድ ፕሮምፕት ላይም «አይፒኮንፊግ» በሚባለው ትእዛዝ ይታያል።

አድራሻው በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ላፕቶፑ አድራሻ ጠይቆ መልስ ስላላገኘ ለራሱ ቁጥር ሰጥቷል ማለት ነው። በዚህ ቁጥር ወደ ኢንተርኔት መውጣት አይቻልም። ሆትስፖቱን ወይም ራውተሩን አጥፍቶ ማብራት፣ ከዚያም ላፕቶፑን እንደገና ማገናኘት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። በተለመደው አሠራር አድራሻው በ192.168 ይጀምራል። የአይፎን ሆትስፖት በ172.20.10 የሚጀምር ይሰጣል።

አንዳንድ ላፕቶፖች ላይ በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ወይም በመሥሪያ ቤት በእጅ የተሞላ ቋሚ አድራሻ ይቀራል። ላፕቶፑ እዚያ ይሠራል፤ ቤት ሲመጣ ግን ይገናኛል እንጂ ገጽ አይከፍትም። አድራሻው በራሱ እንዲገኝ («አውቶማቲክ») ተደርጎ ሲስተካከል ችግሩ ይወገዳል።

አድራሻው ትክክል ከሆነ ስልኩ ራሱ ኢንተርኔት ያለው መሆኑ ይፈተሻል። የሞባይል ዳታው ጠፍቶ ወይም ጥቅሉ አልቆ ሊሆን ይችላል፤ ሆትስፖቱ ግን ያለ ዳታም እንደበራ ይቆያል። ዊንዶውስ ላፕቶፕ ከሆትስፖት ጋር ሲገናኝ ትልልቅ ማሻሻያዎችን በራሱ ማውረድ ስለሚጀምር ጥቅሉ ሳይታሰብ ያልቃል። በኔትወርኩ ቅንብር ውስጥ ግንኙነቱን «ሜትርድ» ብሎ መመዝገብ ይህን ይገታል።

በሆቴልና በአንዳንድ ግቢዎች ደግሞ ከዋይፋዩ ጋር ከተገናኙ በኋላ የመግቢያ ገጽ ላይ ስም ወይም ኮድ ማስገባት ግዴታ ነው። ገጹ በራሱ ካልመጣ ማሰሻውን ዘግቶ እንደገና መክፈት ይረዳል።

ቁጥር ይሠራል፣ ስም አይሠራም

የድረ ገጽ ስም ለሰው የሚመች ነው፤ ኮምፒዩተሮች ግን የሚፈላለጉት በቁጥር ነው። ስሙን ወደ ቁጥር የሚተረጉመው አገልግሎት ዲኤንኤስ ይባላል። ይህን ለመለየት በኮማንድ ፕሮምፕት ላይ «ፒንግ» በተባለው ትእዛዝ መጀመሪያ 8.8.8.8 የሚለው የጉግል አድራሻ፣ ቀጥሎ የአንድ ታዋቂ ድረ ገጽ ስም ይሞከራል። ቁጥሩ መልስ ሰጥቶ ስሙ ካልሰጠ መስመሩ ደህና ነው፤ የተበላሸው ትርጉሙ ነው። በቅንብሩ ውስጥ የዲኤንኤስ አድራሻውን 8.8.8.8 ወይም 1.1.1.1 ማድረግ በብዙ ሁኔታ ይሠራል።

ሁለቱም መልስ እየሰጡ ማሰሻው ብቻ እምቢ ካለ ቪፒኤንና ፕሮክሲ ይታያሉ። ቪፒኤን ተጠቅሞ የቆየ ላፕቶፕ ፕሮግራሙ ከጠፋ በኋላም የፕሮክሲ ቅንብሩ በርቶ ሊቀር ይችላል።

ቀንና ሰዓት

አብዛኞቹ ድረ ገጾች ማንነታቸውን የሚያረጋግጡት በዲጂታል ሰርተፍኬት ነው። እያንዳንዱ ሰርተፍኬት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። ማሰሻው ይህን ከላፕቶፑ ቀን ጋር ያነጻጽራል፤ የላፕቶፑ ቀን ከተዛባ «ግንኙነቱ ደህንነቱ የተጠበቀ አይደለም» የሚል ማስጠንቀቂያ ያሳያል፤ ገጹንም አይከፍትም። ዋይፋዩ ግን ምንም አልሆነም።

ይህ ችግር በኢትዮጵያ ሁለት ልዩ መነሻዎች አሉት። የመጀመሪያው የዘመን አቆጣጠር ነው። የኢትዮጵያ አቆጣጠር ከግሪጎርያን በ7 ወይም በ8 ዓመት ወደኋላ ስለሚሆን፣ አንድ ሰው የላፕቶፑን ዓመት በኢትዮጵያ ቁጥር ከሞላ ላፕቶፑ ከዓመታት በፊት እንዳለ ያስባል፤ የዛሬዎቹ ሰርተፍኬቶች ሁሉ ገና ያልጀመሩ ይመስሉታል። ሁለተኛው የሰዓት አቆጣጠር ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት በላፕቶፑ ላይ 9፡00 መሆን አለበት። 3፡00 ብሎ መሙላት ሰዓቱን በ6 ሰዓት ያዛባዋል፤ በላፕቶፑ ላይ የሚመነጩ ጊዜያዊ የማረጋገጫ ኮዶችም ተቀባይነት ያጣሉ።

ትክክለኛው መንገድ ቀኑን በግሪጎርያን ማድረግና የሰዓት ክልሉን መምረጥ ነው። በዊንዶውስ ዝርዝር ውስጥ አዲስ አበባ በስሟ ስለሌለች፣ ከኢትዮጵያ ጋር አንድ ሰዓት የምትጋራው ናይሮቢ ትመረጣለች። ላፕቶፑ በተዘጋ ቁጥር ቀኑ ወደ ድሮ ዓመት የሚመለስ ከሆነ ሰዓቱን የሚይዘው በውስጡ ያለ ትንሽ ባትሪ አልቋል፤ መቀየር አለበት።

ከላፕቶፑ ውጭ ያሉ ምክንያቶች

የመብራት መቋረጥ፣ የማማ የኃይል ማነስና የፋይበር መስመር መቆረጥ በአካባቢ ያለን ግንኙነት በሙሉ ሊያቋርጡ ይችላሉ። ኢንተርኔት በአገር አቀፍ ደረጃ የተቋረጠባቸው ጊዜያትም ነበሩ። በግንቦት 2009 ዓ.ም. በብሔራዊ ፈተና ወቅት፣ በሰኔ 2011 ዓ.ም.፣ እንዲሁም የድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳን ግድያ ተከትሎ ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለሦስት ሳምንታት ያህል አገልግሎቱ ተዘግቶ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ላፕቶፑ «ተገናኝቷል፣ ኢንተርኔት የለም» ይላል፤ መልእክቱ ልክ ጥቅል እንዳለቀበት ስልክ ይመስላል።

ለዚህ ነው ጎረቤትን መጠየቅ ከመፈተሻ ዘዴዎች አንዱ የሚሆነው። የሌሎች ሰዎች ስልኮችም ኢንተርኔት ከሌላቸው መጠበቅ እንጂ መጠገን አያስፈልግም። ሁለት አገልግሎት ሰጪዎች ባሉበት አካባቢ በሌላው ኩባንያ ሲም መሞከር ችግሩ የአንዱ መስመር ብቻ መሆኑን ያሳያል። ኢትዮ ቴሌኮም ለረጅም ጊዜ ብቸኛው አቅራቢ ሆኖ ከቆየ በኋላ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በይፋ አገልግሎት ጀምሯል።

ፎርማት ከማድረግ በፊት

ዊንዶውስ የኔትወርክ ቅንብሮችን ብቻ ወደ መጀመሪያ ሁኔታቸው የሚመልስ «ኔትወርክ ሪሴት» የተባለ ምርጫ አለው። ይህ የተቀመጡ የዋይፋይ የይለፍ ቃሎችን ያጠፋል፤ ሰነዶችንና ፎቶዎችን ግን አይነካም። ፎርማት ደግሞ ሁሉንም ያጠፋል፤ ድራይቨሩንም ጭምር ስለሚያስወግድ ዋይፋዩ ከበፊቱ የባሰ ሊሆን ይችላል። ችግሩ የይለፍ ቃል፣ የጥቅል ወይም የማማ ከሆነ ፎርማት የሚለውጠው ነገር የለም።

ሌላው መሞከሪያ ኡቡንቱን የመሰለ የሊኑክስ ሥርዓት ከፍላሽ ላይ ሳይጫን ማስነሣት ነው። በዚያ ዋይፋዩ ከሠራ ካርዱ ደህና ነው፤ ችግሩ የዊንዶውስ ወይም የድራይቨር ነው። በዚያም ካርዱ ጨርሶ ካልታወቀ ካርዱ ተበላሽቶ ወይም ከቦታው ለቆ ሊሆን ይችላል። ላፕቶፑ ሆትስፖቱን የሚያየው በጣም ሲጠጋ ብቻ ከሆነ የአንቴና ሽቦው መላቀቁ ይጠረጠራል፤ ይህ ማያ ገጹ ከተቀየረ በኋላ ያጋጥማል። ካርዱ ከተበላሸ በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ የዋይፋይ መቀበያ ላፕቶፑን ሳይከፍቱ ይተካዋል።

ላፕቶፑ ወደ ባለሙያ መሄድ ካለበት የላፕቶፑ ሞዴል፣ የሚታየው መልእክት፣ የአይፒ አድራሻው፣ በሌላ ሆትስፖት የተገኘው ውጤትና ችግሩ የጀመረበት ቀን በወረቀት ተጽፈው አብረው ቢሄዱ ይረዳል። እነዚህ አምስት ነገሮች ባለሙያው ፍለጋውን ከመጀመሪያው ክፍል ሳይሆን እክሉ ካለበት ክፍል እንዲጀምር ያስችሉታል። በፍላሽ ወይም በሌላ ኮምፒዩተር ላይ የፋይሎች ቅጂ ሳይቀመጥ ላፕቶፕን ለጥገና መስጠት አይመከርም።